ብሬከሮቹ አልተበላሹም፣ ኒውትራሉ የጋራ ነበር

አሜሪካ ውስጥ በአንድ የተማሪዎች ማደሪያ እድሳት ላይ፣ ባለ ሦስት ፌዝ 120/208 ቮልት ፓኔል (የብሬከር ሳጥን፤ በፌዝና በኒውትራል መካከል 120፣ በሁለት ፌዞች መካከል 208 ቮልት) ውስጥ የነበሩት አሮጌ ብሬከሮች ወጥተው በባለ አንድ ፖል (አንድ ፌዝ ብቻ የሚቆርጥ) አርክ ፎልት ብሬከር፣ ማለትም ሽቦ ላይ የእሳት ፍንጣሪ ሲያይ ኃይል በሚቆርጥ ብሬከር ተተኩ። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኮድ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) እትሙ ጀምሮ ይህን ጥበቃ ለማደሪያ ክፍሎችም ይጠይቃል።

ኃይል ሲለቀቅ 1 ቁጥር ብሬከር ብቻውን ሠራ። 3 ቁጥር ላይ የፀጉር ማድረቂያ ሲሰካ ግን 1 እና 3 አብረው ወረዱ (ኃይሉን ቆረጡ)፤ 5 ላይ ሲሰካ ደግሞ 1 እና 5። ሠራተኞቹ ብሬከሮቹ ተበላሽተው የመጡ መስሏቸው ሦስቱንም ቀየሩ፤ ለውጥ የለም።

ፍንጩ አብሮ መውረዱ ነበር። 1፣ 3 እና 5 በሦስት የተለያዩ ፌዞች ላይ ሆነው የሚመለሱት በአንድ ነጭ ሽቦ (ኒውትራል፣ ጅረቱ የሚመለስበት) ነው፤ እሱም 1 ቁጥር ላይ ታስሯል። ብዙዎቹ አርክ ፎልት ብሬከሮች በፌዝ የወጣውን ከኒውትራሉ ከተመለሰው ጋር ያነጻጽራሉ፤ ልዩነቱ በአሥሮች ሚሊ አምፒር ሲሆን ይቆርጣሉ። 3 ቁጥር 10 አምፒር ልኮ ምንም ሲመለስ አያይም፣ 1 ቁጥር ያልላከው 10 አምፒር ይመለስበታል። ነጩን የኒውትራል ባር (ፓኔሉ ውስጥ ነጮች የሚታሰሩበት ብረት) ላይ ማሰርም አያድንም፤ ያኔ ጭነት የተሰካበት ሁሉ ይወርዳል።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ የራሱን ኒውትራል መሳብ ነው። በግማሽ ኢንች የብረት ኮንዲዩት (የሽቦ ቱቦ) ውስጥ አራት ባለ 12 ቁጥር (በአሜሪካ የሽቦ ውፍረት መለኪያ) ሽቦ ነበር፤ ሁለት ተጨማሪ ነጭ ሲገባ ስድስት ይሆናል፣ ቱቦው ዘጠኝ ይይዛል። ጅረት ተሸካሚው ስድስት ስለሆነ የሽቦው አቅም ወደ 80 በመቶ ይወርዳል፤ ከ30 አምፒር 24 ይቀራል፣ ለ20 አምፒር ብሬከር ይበቃል። ሁለት ፌዝ በአንድ ኒውትራል የሚይዝ ባለ ሁለት ፖል አርክ ፎልት ለመጠቀም ያሰበ መጀመሪያ ብሬከሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብብ፤ ብዙዎቹ ለ120/240 እንጂ ለ120/208 አልተፈቀዱም።

የጋራውን ነጭ ኃይል እያለ መፍታት ግን አደገኛ ነው። 5 ቁጥር ጠፍቶ፣ 1 ላይ ባለ 1200 ዋት ማድረቂያ፣ 3 ላይ ባለ 60 ዋት አምፖል በርቶ ነጩ ቢላቀቅ፣ ሁለቱ በ208 ቮልት ላይ በተከታታይ ይቆማሉ፤ አምፖሉ 198 ቮልት ገደማ ይደርሰዋል። ስለዚህ የፓኔሉ ዋና ብሬከር ይጥፋ፣ ኃይል አለመኖሩ በቴስተር ይረጋገጥ። ነጮቹ ከተፈቱ በኋላ በመካከላቸው ቀጣይነት ከታየ ሳጥን ውስጥ አሁንም ተያይዘዋል ማለት ነው። በዚህኛው ሕንፃ አንድ የሶኬት ሳጥን ውስጥ ሁለት ነጮች በአንድ የሽቦ ማያያዣ ኮፍያ ታስረው ተገኙ፤ እነሱ ሲለያዩ ሦስቱም ብሬከሮች በአንድ ጊዜ ጭነት ይዘው ሳይወርዱ ሠሩ።