ከቮልሷ ላይ ሦስት ቀለም ገፈፍኩ

ቮልሷ የአባቴ ናት። እ.ኤ.አ. የ1968 ሞዴል፣ 1300 ሞተር። ስድስት ዓመት ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። አምና ግንቦት ላይ "እኔ ራሴ አድሳታለሁ" አልኩ። ደረቴን ነፍቼ አልኩት እንጂ ከዚያ በፊት ቀለም የገፈፍኩት ከአንድ የብረት በር ላይ ብቻ ነው።

ከሥር ያለው ቀለም ብረቱን ደህና አድርጎ ከያዘ መግፈፍ አያስፈልግም። በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አድርጎ ከላይ መቀባት ይበቃል፣ እንዲያውም ይሻላል። የእኛዋ ግን በየቦታው አረፋ ሠርታለች። አረፋ ካለ ከሥር ዝገት አለ። ከፍሪጅ ላይ የነቀልኳትን ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልዬ ቦዲውን ሙሉ አስኬድኳት፤ ላሜራው ላይ ጥብቅ ትላለች፣ የኋላው ግራ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) ላይ ስትደርስ ግን ጠብ አለች። ስቱኮ ነው፣ ጎድጓዳ የሚሞላበት ልጥፍ! ኋላ ስገፍፈው ውፍረቱ የጣቴን ያህል ነበር።

የቮልስ ደግነቷ አራቱም ፓራፋንጎዎች በብሎን የታሰሩ መሆናቸው ነው። በ13 ቁልፍ ይፈታሉ፣ ያው ዝገት ካልበላቸው። እኔ ሁለት ብሎን ሰበርኩ። ከዚያ በኋላ ማታ ናፍጣ እያጠጣሁ አሳድሬ ጠዋት መፍታት ጀመርኩ።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ከጎረቤት ግራይንደር ተዋስኩና በሾፌሩ በር ጀመርኩ። ቀለሙ ብን ብሎ ሲጠፋ ደስ ይላል፣ አልዋሽም፣ በሃያ ደቂቃ ግማሽ በር አንጸባረቀ። ችግሩ የበር ላሜራ ስስ ነው፣ ግራይንደር አንድ ቦታ ላይ ቆም ካለ ብረቱ ይግላል፣ የጋለ ብረት ይለጠጣል፣ ሲበርድ ደግሞ ወደ ቦታው አይመለስም። በነጋታው በሩን በመዳፌ ስጫነው እንደ ቆርቆሮ ክዳን "ጧ" ይል ጀመር። የሰፈራችንን ላሜራ ሠሪ ጠርቼ አሳየሁት። አየት አደረገና "ልጄ፣ ቀለም ነው የምታነሳው ወይስ ብረት?" አለኝ። "ኧረ ጋሼ፣ ቀለም ነበር" አልኩት። ያንን በር ለማስተካከል የከፈልኩት ገንዘብ ለሌላው ቦዲ በሙሉ ከገዛሁት ዕቃ ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ ወደ ሪሙቨር (ቀለም አላቃቂ ኬሚካል) ዞርኩ። አሠራሩ ቀላል ነው። ቀለሙን በ80 ቁጥር ወረቀት ጫር ጫር አድርገህ ሪሙቨሩን ወፈር አድርገህ ትቀባለህ፣ እንዳይደርቅ ላስቲክ ታለብሰዋለህ፣ ትጠብቃለህ። እኔ መጠበቅ ስለማልችል መጀመሪያ ላይ በአምስት ደቂቃው እየገለጥኩ ፈተግኩት፤ ቀለሙ አልለቅ አለ፣ ሪሙቨሩ ግን አለቀ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ቀዩ ቀለም እንደ ወተት ስልባቦት ተሸብሽቦ ጠበቀኝ። በእስፓቱላ ጠረግ ማድረግ ብቻ። ከቀዩ ሥር ክሬም ወጣ፣ ከክሬሙ ሥር ሰማያዊ። ቀዩን ያስቀባው አባቴ ነው። ክሬሙን ግን እናቴም አታስታውሰውም፣ አባቴ ከመግዛቱ በፊት የነበረ መሆን አለበት።

ስለ ሪሙቨር ግን በደንብ ስሙኝ። የእኔ ጣሳ ላይ ሜቲሊን ክሎራይድ ይላል። ዝናብ ፈርቼ አንድ ቀን ሰርቪስ ክፍል ውስጥ በር ዘግቼ ሠራሁበት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ራሴን አዞረኝ፣ ተንገዳግዬ ወጣሁ። ኋላ ሳነብ ትነቱ ከአየር ይከብዳል፣ ስለዚህ ወደ ታች ይተኛል፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፣ ያው የከሰል ጭስ መርዝ ማለት ነው። አሜሪካ በዚህ ነገር የተሠራ ሪሙቨር ለተራ ሰው እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ2019 ከልክላለች። ተራ የአፍንጫ ጭምብል አያስቆመውም። ሌላ ዓይነት ካገኛችሁ ሌላውን ግዙ፣ ካጣችሁ ደጅ ላይ፣ ነፋስ ባለበት ሥሩ። የሐኪም ስስ ጓንትም አያዋጣም፣ እጄ ላይ ተልፈሰፈሰ።

ሪሙቨር በበር ጠርዝና በመገጣጠሚያ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ተደብቆ ቆይቶ አዲሱን ቀለም ከሥር ያነሳዋል። ስለዚህ ጠርዞቹን በፕላስተር ሸፍኜ በመጨረሻ በእጅ ፈተግኳቸው። እሱንም በውሃ እያራስኩ ነው፣ የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖር ስለሚችል ደረቅ አቧራው ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ አያስፈልግም።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን የሰኔው ነገር ነው። አራቱንም ፓራፋንጎና ሁለተኛውን በር ገፍፌ፣ እንደ መስታወት አብርቼ፣ ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ልኬ፣ በረንዳ ላይ ደርድሬ ተኛሁ። ሌሊት ዘነበ። ዝናቡ አልነካቸውም፣ እርጥበቱ ብቻ በቃ። ጠዋት ሁሉም ብርቱካን መስለዋል። አንዱ ላይ አምስቱ ጣቶቼ ቁልጭ ብለው ታትመዋል፣ በላብ እጄ ይዤው ነበርና። ሁለት ቀን ሙሉ እንደገና ፍትጊያ።

ከዚያ ወዲህ በቀን አንድ ዕቃ ብቻ። ጠዋት እገፍፋለሁ፣ በቲነር በንጹህ ጨርቅ እወለውላለሁ፣ ከሰዓት አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል የሥር ቀለም) ሳልቀባ አላድርም። እሱም ቢሆን ዓይነት አለው። መጀመሪያ የገዛሁት ተራው ነበር፣ ውሃ ስለሚያሳልፍ ክረምቱ ሳያልቅ ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ። ኢፖክሲ የሚባለው ወደድ ይላል፣ ግን እርጥበት ይዘጋል። በእሱ የቀባኋቸው እስካሁን ንጹህ ናቸው። የመጀመሪያው ፓራፋንጎ አንድ ቀን ተኩል ወሰደብኝ፣ አራተኛው ሦስት ሰዓት።

የቀረኝ ኮፈኑ ነበር። ላዩን ገፍፌ ገለበጥኩትና ውስጡን ሳየው ማንም ቀብቶት አያውቅም፤ የፋብሪካው ሰማያዊ እንዳለ ነው። ቀለም ለማስመሰል በፎቶ አይሆንም ስላሉኝ ኮፈኑን ባጃጅ ላይ ጭኜ ቀለም ቀያጩ ጋ ሄድኩ። ሰውዬው በቤንዚን ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረገው፣ ትንሽ ዝም ብሎ አየው፣ ከዚያ "ይሄንንማ እንዳትነካው" አለኝ።

አልነካሁትም።