ጠብ ጠብ

ዛሬም ያፈሳል። ከአልጋዬ ራስጌ፣ ያችው የለመደችው ቦታ። ሰማያዊውን ሳፋ ከሥሯ አስቀመጥኩና ተኛሁ። ማለቴ፣ ለመተኛት ሞከርኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል፣ ጠብታዋ ሳፋውን ትመታለች፣ እኔ እቆጥራለሁ። አከራዬን «ጣሪያው» ባልኳቸው ቁጥር «መስከረም ይጥባ» ይሉኛል። መስከረም ይጠባል። ያኔ ደግሞ አያፈስም፤ ሁለታችንም እንረሳዋለን።

እንዲህ ሆድ ሲብሰኝ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የእናቴ አገር ይመጣብኛል። ጎርጎራ። ከአጎቴ ጋር የሄድኩትን ጉዞ ስንት ጊዜ አውርቼባችኋለሁ፤ ዛሬ አልደግመውም። (ልደግመው ነው መሰለኝ።)

አሁን ስሟ የሚነሳው በገበታ ለሀገር የቱሪዝም ፕሮጀክት ነው። ያኔ ግን ለእኔ ጎርጎራ ማለት ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ጣና ላይ የሚያልቅ መንገድ ነበረች። መንገዱ ያልቃል፣ ውሃው ይጀምራል። በቃ።

አጎቴ መጀመሪያ የወሰደኝ ደብረ ሲና ማርያም ነው። ክብ፣ ሳር ክዳን ቤተ ክርስቲያን። ውስጡ ሥዕል በሥዕል ነው። ከሥዕሎቹ መሃል አንዲት ሴት አለች፤ መለኮታዊት። የአፄ ፋሲል እህት ናት፣ ያሣለችውም እሷ ናት ይባላል። ሰው ሁሉ እሷን ሲያይ እኔ ሽቅብ ሳሩን አያለሁ። ይሄ ሁሉ ክረምት በሳር እንዴት ታለፈ? አንዱን ዲያቆን ጠየቅኩት። «ሲያረጅ ይቀየራላ!» አለኝ። ሲርብህ ለምን ትበላለህ ያልኩት ይመስል።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ ደግሞ ማርያም ግምብ አለ። አፄ ሱስንዮስ ጎርጎራን መቀመጫቸው ባደረጉ ጊዜ ከካቶሊክ ሚሲዮናውያኑ ጋር ያስገነቡት፣ የድንጋይና የኖራ ሥራ። ስፔናዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1622 የሞተው እዚያው ጎርጎራ ነው። ንጉሡ ሃይማኖት ቀየሩ፣ አገር በደም ታጠበ። በ1632 «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» ተባለ። ልጅየው ነግሦ ጎንደርን ቆረቆረ፤ ግምቡ ከነኖራው ቀረ። አሁን ፍርስራሽ ነው።

እኔ ግን ያልወጣልኝ ታንኳው ነው። የደንገል ታንኳ። በጣና ዳር በዚህ ሥራ የሚታወቁት ወይጦዎች ናቸው። ደንገሉን አጭደው፣ አድርቀው፣ በነዶ በነዶ ያስሩታል። አንድ ሰውዬ እየቀዘፈ ወደ ዳር መጣ። ሲነሳ ሱሪው ከኋላ ጥምልምል አድርጎ የሚጨመቅ ነው። ደነገጥኩ።

«ውሃ ያስገባል እኮ!» አልኩት አጎቴን።

«ያስገባል። ግን አይሰምጥም» አለኝ።

ሰውዬው ታንኳውን ጎትቶ አወጣና እንደ ሰው አቆመው፤ ፀሐይ እንዲመታው። ውሃው በደንገሉ መሃል ይንጠባጠባል። ጠብ ጠብ። ጥቂት ወር አገልግሎ ይበሰብሳል፣ ከዚያ ሌላ ይታሰራል። ድንጋዩ ፈረሰ፣ ይሄ አለ። እሺ፣ ቅርሱ የቱ ነው? ይቺ የቆመችው ታንኳ እንዳልል ነገ ማገዶ ናት። የሰውየው እጅ ነው እንዳልል፣ እጅ መዝገብ ላይ እንዴት ይጻፋል? ልጁ ባጃጅ መንዳት ቢያምረውስ? ማን ይፈርድበታል? እኔ ራሴ ደንገል አስሬ አላውቅም፣ የማስረው የጫማ ክር ነው፣ እሱም ይፈታብኛል። ጣና ላይ እምቦጭ ገባ ሲባልም አስቀድሞ የታሰበኝ ያ የረጠበ ሱሪ ነው። ስለ ዓሣው እንኳ አልተጨነቅኩም።

ይህን እየጻፍኩ ቀና አልኩ። ቆርቆሮው ላይ ያለችው ቀዳዳ የአንዲት ምስማር ናት። እዚህ ቤት ሦስተኛ ክረምቴ ነው። ስለ ሳር ክዳን እድሳት በእኩለ ሌሊት የምቀባጥረው ሰውዬ ሦስት ክረምት ሙሉ ቁራጭ ማስቲሽ አልገዛሁም። መሰላል ያላት ደግሞ ጎረቤቴ ናት፣ እሷን ካኮረፍኳት… እሱን ተዉት።

ሳፋው ሞልቶ መፍሰስ ጀምሯል። አንዷ ነጠላ ጫማዬ ውስጡ ትንሳፈፋለች። መቼ እንደገባች እንጃ።