ከማላውቀው ሰው ጋር ክርክር ስገጥም

እኛ አገር ክርክር ቦታ አይመርጥም። የታክሲ ሰልፍ ላይ ይነሳል። ፀጉር ቤት ወረፋ ስንጠብቅ ይነሳል። ካፌ ውስጥ «ሰው አለው?» ብሎ ወንበር የሳበ ሰው ያዘዘው ማኪያቶ ሳይመጣለት ይጀምራል። ርዕሶቹ የታወቁ ናቸው፦ ሕገ መንግሥቱ፣ መሬት፣ ዓባይ፣ ምርጫ። ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ ተጨምሮበታል።

እኔ ይህን ነገር እወደዋለሁ። ጓደኞቼ «ምን አገባህ? ቡናህን ጠጥተህ አትሄድም?» ይሉኛል። ግን ከጓደኛ ይልቅ ከማላውቀው ሰው ጋር መከራከር ይሻለኛል። ጓደኛዬ ምን እንደሚል አስቀድሜ አውቃለሁ። የማላውቀው ሰው የሚመጣው ከሌላ ሰፈር፣ ከሌላ ክልል፣ ከሌላ ሥራ ነው። እኔ ያላየሁትን አይቷል።

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ የያዝኩት አንድ ልማድ አለ። ነገሩ ከመጋጋሉ በፊት የምንከራከረው በየትኛው ጥያቄ ላይ እንደሆነ እንለይ እላለሁ። ሕጉ ምን ይላል? ሕጉ ምን ማለት ነበረበት? መሬት ላይ ያለውስ ምንድነው? የመጀመሪያው በንባብ ያልቃል። ሦስተኛው በማስረጃ ያልቃል። ሰው በቅንነት ሊለያይ የሚችለው በሁለተኛው ላይ ነው። አንዱ ስለ አንደኛው ሲያወራ ሌላው በሁለተኛው ከመለሰለት ግን እስከ ማታ ቢጯጯሁ አይገናኙም።

አንቀጽ 39ን እንውሰድ። አንድ ምሽት መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነን። ዝናብ አለ፣ ታክሲ የለም። ከፊቴ የቆመ ባጅ ያንጠለጠለ ወጣት «አንቀጽ 39 እኮ አንዱ ከመሬት ተነስቶ ነገ ተገንጥያለሁ እንዲል ፈቅዷል» አለ። ከኋላዬ ያሉ ጋቢ የደረቡ አባት ደግሞ «ነገውኑ ማንሳት ነው እንጂ እሱንማ!» አሉ። የተስማሙ ይመስላሉ። ሁለቱም ግን አንቀጹን አላነበቡትም።

ሕገ መንግሥቱ ስልኬ ላይ አለ። «አባባ፣ ላንብብልዎት?» አልኩ። «እስቲ አንብበው» አሉ። ንዑስ አንቀጽ 4ን አነበብኩ። የመገንጠል ጥያቄ መጀመሪያ በብሔሩ፣ በብሔረሰቡ ወይም በሕዝቡ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መጽደቅ አለበት። የፌዴራሉ መንግሥት ውሳኔው በደረሰው በ3 ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። ሕዝበ ውሳኔው በአብላጫ ድምፅ መደገፍ አለበት። ከዚያ የሥልጣን ርክክብ አለ፣ ከዚያ የንብረት ክፍፍል አለ። ወጣቱ ዞር ብሎ «3 ዓመት ነው ያልከው?» አለኝ። ስልኩን ሰጠሁትና ራሱ አነበበው። ይህን ሁልጊዜ አደርጋለሁ። ሰው ከእኔ አፍ ከሚሰማው ይልቅ በራሱ ዓይን ያየውን ያምናል።

ቀጥሎ አንቀጽ 105 መጣ። አንቀጽ 39 ያለው ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ነው። ምዕራፍ ሦስትን ለማሻሻል ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ ማጽደቅ አለባቸው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም እንዲሁ። ዛሬ 12 ክልሎች አሉን። አንዱ ብቻ እምቢ ካለ ማሻሻያው ቀረ። ስለዚህ ነገ መገንጠልም፣ ነገ አንቀጹን ማንሳትም የለም።

ክርክሩ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። አባባ «መብቱ በተግባር ባይሠራም፣ መጻፉ ብቻ ሰውን ያስነሳል» አሉ። ወጣቱ መለሰ፦ «ባይጻፍስ ዝም ይባል ነበር? ኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ያደረገችው በ1985 ነው። ይህ ሕገ መንግሥት የጸደቀው በ1987። ያን ጊዜ አንቀጽ 39 የት ነበር?» አባባ ትንሽ አሰቡና «እሱስ ልክ ነህ፤ ግን ያ በ30 ዓመት ጦርነት የመጣ ነው። እኔ የምለው ሌላ ጦርነት እንዳይመጣ ነው» አሉት። ሰልፉ ዞሮ ይሰማ ነበር። ሁለቱም ከመጀመሪያው ሐሳባቸው ይልቅ የተሻለ ነገር ተናገሩ። እኔ ከማንበብ በቀር ምንም አልጨመርኩም።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ የተማረ ሰው የእንግሊዝኛውን ቅጂ ይዞ ይከራከራል። አንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። ስለዚህ የአማርኛውን ጫኑ። የሕጉ አማርኛ ይከብዳል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያነቡት ግን ይገባል።

ሳይንስ ላይ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ፣ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ሌሊት ከአልጋው እየዘለለ ወጥቷል። ያኔ በየካፌው አንድ ወሬ ነበር፦ «ግድቡ ነው ያመጣው»።

ቦሌ አንድ ካፌ ውስጥ ወንበር የተጋራን ሰውዬ ይህንኑ አጥብቆ ነገረኝ። ሲቪል መሐንዲስ ነኝ አለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የመጀመሪያው ሥራዬ ከሰውዬው ንግግር ውስጥ እውነት የሆነውን ፈልጌ ቀድሜ መናገር ነው። አለውም። ትልቅ ግድብ መሬት ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ሕንድ ውስጥ ኮይና የሚባል ግድብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 እዚያ ከ6 በላይ የተለካ መንቀጥቀጥ ደርሶ ሰው ገድሏል፤ የሳይንስ ሰዎች መነሻው የግድቡ ውሃ ነው ይላሉ። ይህን ስለው ትከሻው ወረደ። ሊያሾፍብኝ ነው ብሎ ጠብቆ ነበር መሰለኝ።

ከዚያ ሶፍት አወጣሁና ካርታ ሣልኩ። ግራ ጫፍ ላይ ግድቡ ያለበት ጉባ፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብ። ቀኝ ታች ላይ ፈንታሌ። በመሃላቸው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። በግድብ ውሃ ክብደት የሚነሳ መንቀጥቀጥ የሚታየው ሐይቁ ሥርና ዙሪያውን ነው። ግድቡ ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ቀድሞ የሚነቃነቀው ጉባ ነበር። ፈንታሌ ግን ስምጥ ሸለቆ መሃል የተቀመጠ እሳተ ገሞራ ነው። ከሥሩ ቅልጥ አለት ወደ ጎን እየሰነጠቀ ሲገባ ከላይ ያለው መሬት ይንቀጠቀጣል፤ የሳተላይት መለኪያም ያሳየው ይህንኑ ነው።

ሰውዬው «ታዲያ ለምን ግድቡ ሲሞላ ጠብቆ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሶፍቱ ላይ ወደ ሰሜን አፋርን ጨመርኩ። በመስከረም 1998 ዳባሁ አካባቢ ቅልጥ አለት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ ከፍቷል፤ ስፋቱ እስከ 8 ሜትር የደረሰበት ቦታ አለ። ያን ጊዜ የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ እንኳ አልተቀመጠም። መሬቱ ሲከፈት የኖረ ነው፤ ወደፊትም ይከፈታል። እኔ የሚያሳስበኝ የኮንዶሚኒየሙና የፎቁ ጥንካሬ ነው አልኩት። እዚህ ላይ ሙያው ስለሆነ ወሬውን ወሰደብኝ። ስለ ኮለንና ስለ ብረት የነገረኝን ከዚያ በፊት ከማንም አልሰማሁም።

«ተሳስቻለሁ» አላለም። እንዲልም አልጠበቅኩም። ሰው ፊት «ተሸነፍኩ» የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ የነበረች ልጅ ግን «ይቅርታ፣ ካርታዋን ፎቶ ላንሳት?» አለች። በድሮው ሙግት ሁለት ተሟጋቾች መንገደኛ አስቁመው «ዳኘን» ይሉ ነበር፤ እሱም ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ይሰማቸው ነበር። እኔም የምናገረው እዚያ ላለው መንገደኛ ነው። ከፊቴ ያለው ሰው አቋም ይዟል፤ ጎኑ ያለው ገና እየሰማ ነው። ድምፄን ከፍ ካደረግኩ ወይም «እርስዎ» ስል ቆይቼ ወደ «አንተ» ከወረድኩ መንገደኛው ጥሎኝ ይሄዳል።

እምነት ሲነካ እጠነቀቃለሁ። ስለ ሉሲ ወሬ ሲነሳ «ሰው ከዝንጀሮ መጣ ትላላችሁ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ሳይንሱ ሰው ዛሬ ከምናየው ዝንጀሮ መጣ እንደማይል፣ የጋራ ጥንታዊ ዘር አላቸው እንደሚል እነግረዋለሁ። ሉሲ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር እንደተገኘች፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነ እነግረዋለሁ። ከዚያ በላይ ስለ እግዚአብሔር አልከራከርም።

ዓባይን በተመለከተ ደግሞ ዱባይ ኤርፖርት ውስጥ ከአንድ ግብፃዊ ጋር ረጅም ሰዓት ተቀምጠናል። በረራችን ዘግይቶ ነበር። እኛ የምንወደው መልስ የታወቀ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅ 55.5፣ ሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ሲከፋፈሉ እኛ አልነበርንም፣ አልፈረምንም። እውነት ነው። ግን እ.ኤ.አ. የ1902ቱን ውል ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ፈርመዋል፤ የውሃውን ፍሰት የሚያቆም ሥራ ያለ ስምምነት ላለመሥራት የሚል አንቀጽ አለው። ይህን እሱ ሳያነሳው እኔ አነሳሁት፣ ለምን ዛሬ እንደማያስረን የማምንበትንም ነገርኩት። የራሴን ጎን ደካማ ቦታ ቀድሜ ሳወጣ ሌላው ሰው መሣሪያውን ያስቀምጣል። ግድቡ የመብራት ነው፣ ውሃው ተርባይኑን አዙሮ ይወርዳል አልኩት። እሱም «ተከታታይ የድርቅ ዓመት ቢመጣስ ምን ያህል ትለቃላችሁ?» አለኝ። የአገሮቹ ድርድር የተንጠለጠለውም እዚሁ ላይ ነው። ሁለታችንም ይህን አውቀን ተለያየን።

ክርክር የማልገጥምበት ጊዜም አለ። አውቶቡስ ላይ ጎኔ የተቀመጠች ሴት «ሕግ የሚባል ነገር የለም!» አለችኝ። ልመልስ ስል ወንድሟ ከታሰረ ስንት ቀኑ እንደሆነ፣ ፍርድ ቤትም እንዳልቀረበ ነገረችኝ። ያ ክርክር አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የታሰረ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ የመንገዱ ጊዜ ብቻ አይቆጠርም። ይህን ነገርኳት። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 177 መሠረት ለፍርድ ቤት አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚቻልም ነገርኳት። እስክሪብቶ አወጣችና መዳፏ ላይ ቁጥሩን ጻፈች። ሕግ አለ የለም የሚለውን አላነሳነውም።

ከሁሉ የሚከብደው መሬት ነው። እዚህ ላይ እኔም የራሴ አቋም አለኝ፤ ገበሬው መሬቱን መሸጥ መለወጥ መቻል አለበት ብዬ አምናለሁ። ከአሰላ ስመለስ አውቶቡስ ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አጠገቤ ተቀመጡ። እሳቸው መሬት አይሸጥም አይለወጥም የሚለው አንቀጽ 40 እንዳይነካ ነው የሚፈልጉት። አባታቸው ጭሰኛ ነበሩ። ትራክተር ሲመጣ ባለመሬቱ አስነሳቸው። በ1967 መሬት ለአራሹ ሲታወጅ እሳቸው ጎረምሳ ነበሩ። «ያን ቀን አባቴ ያለቀሱትን ለቅሶ አንተ አታውቀውም» አሉኝ። አላውቀውም።

ክርክሩ አንድ ቦታ መሽከርከር ሲጀምር ሁልጊዜ የምጠይቀውን ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ምን ቢሆን ነው ሐሳብዎን የሚቀይሩት?» መስኮቱን ሲያዩ ቆዩና «በክፉ ዓመት ገበሬው መሬቱን ሳይሸጥ የሚወጣበት ብድር ወይ ዋስትና ቢኖር፤ ያን ጊዜ ይሽጥ» አሉ። ቀጥለው «አንተስ?» አሉኝ። እኔ የምፈራው መንግሥት አንድ ብቸኛ ባለመሬት መሆኑን ነው አልኳቸው። ገበሬ ከመሬቱ አይነቀልም የሚለው ንዑስ አንቀጽ 4 ፍርድ ቤት ቆሞ በእውነት የሚያስጥል ቢሆን፣ ሽያጩ ቢቀርም ግድ የለኝም። «እሱማ የእኔም ጭንቀት ነው» አሉ።

ከዚያ ሞጆ እስክንደርስ ስለ ካሳ ነበር ያወራነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅና ምትክ መሬት ለማይሰጠው ገበሬ፣ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ ይከፈለው ይላል። በፊት 10 ነበር። ሽማግሌው የስንዴያቸውን ምርት በጣታቸው እየቆጠሩ አሰሉት። ብሩ ብዙ ነው። «የልጄ ልጅ 4 ዓመቱ ነው» አሉኝ። «15 ዓመት ሲሞላ 19 ይሆነዋል። ከዚያ ምን ያርሳል?»

መልስ አልነበረኝም። ይህን ጥያቄ ይዞ የሚከራከረኝ ሰው አሁንም እየፈለግኩ ነው።