ጨዋ ሌባ

ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ አላባራም፤ እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም። ነሐሴ ሲገባ እንዲህ ያደርገኛል። ያለ ምክንያት ሰው ያስጠላኛል፣ ቡናው ራሱ ይመረኛል። የቤቱ እመቤት ጠባዬን ታውቀዋለችና ስኒውን አቀብላኝ ዝም ብላ ገባች። ጓሮ ወጣሁ።

ቆስጣው ተበልቷል። ከሩቅ ላየው ሰው በጥንቃቄ የተከረከመ ይመስላል፤ ለጋ ለጋው ሄዶ ጠና ያለው ቀርቷል። ጎንበስ ብሎ ለሚያይ ግን ጫፉ ተቦጭቋል፣ ክሩ ተንጠልጥሏል። ድኩላ በላይኛው መንጋጋው የፊት ጥርስ የለውም፤ ይዞ ይነጫል እንጂ አይቆርጥም። ጥንቸል ብትሆን ሰያፍ አድርጋ ቁልጭ ባለ አፍ ትቆርጠው ነበር። ጃርት ቢሆን ደግሞ ቅጠሉን ትቶ ጎደሬውንና ድንቹን ይምስ ነበር። ጭቃው ላይ ለሁለት የተሰነጠቀች ትንሽ ኮቴ ታትማለች። ከቡናው ጥላ ሥር ወጥቶ፣ በልቶ፣ በመጣበት ተመልሷል።

«ወጥመድ ባጠምድስ?» አልኳቸው ሐጂን በአጥሩ በላይ። ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል መሆኑን አጥቼው አይደለም፤ አዋጅ ቁጥር 541/1999ን አንብቤዋለሁ። የሚሉትን ለመስማት ነው። «ተው አንተ ልጅ! ምን አደረገህ ምስኪኑ? ውሻ አሳድግ» አሉኝ።

ምስኪኑ! ጦጣ ስትመጣ እኮ እኒሁ ሰው ናቸው ቆርቆሮ እየደበደቡ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ወንጭፍ አስይዘው ሠፈሩን የሚያናውጡት። እውነት ነው፣ ጦጣ ታናድዳለች። በጠራራ ፀሐይ፣ ዓይን ዓይንህን እያየች በቆሎውን ትሸለቅቃለች፤ አንዴ ገምጣ ትጥለውና ሌላ ትቀጥፋለች። (በጅማው ቦዬ ረግረግ በኩል ያሉት በእኛ ቢስቁ አይፈረድባቸውም። የእነርሱ እንግዳ ጉማሬ ነው፤ ሌሊት ከውኃው ወጥቶ እስከ 40 ኪሎ ሣር የሚግጥ ፍጥረት በየትኛው ቆርቆሮ ይመለሳል?)

ድኩላን ግን የሚሰድበው ሰው አላየሁም። በቀደም ሲመሻሽ ከእነ ነጫጭ ነጠብጣቡ ቡናው መካከል ቆሞ አየሁት። እግሩን አንስቶ እስኪያሳርፍ ድረስ ያስባል። ድንጋይ በእጄ ነበረ፤ አልወረወርኩም። መልኩ ያማረና አካሄዱ የታረመ ሌባ ሲገጥመን እጃችን ይያዛል።

ወንድሜ ትዝ አለኝ፤ አዲስ አበባ ያለው። የአክስታችን ልጅ ዓመት በዓል ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ጮክ ብላ 500 ብር ተበድራኝ አልመለሰችም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ስሟ በተነሳ ቁጥር ብሩም አብሮ ይነሳል። እሱ ደግሞ የአባታችን መሬት ሲከፈል፣ ድምፁን ሳያሰማ፣ «ጋሼ፣ አንተ ያልከው ይሁን» እያለ፣ ሽማግሌዎቹን ጉልበት እየሳመ፣ የታችኛውን ቡና ወሰደ። ምንጩ ያለበትን፣ ጥላው የደረሰውን። ለእኔ ይህ ጭንጫው ደረሰኝ። ሽማግሌዎቹ እንኳ ሲወጡ «እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ ይባረክ» ብለው መረቁት፤ አሜን ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። ቡናውን ሸጦ ሄደ። በዓል በመጣ ቁጥር ከማንም ቀድሞ ይደውላል፣ የልጆቹን ስም አንድ በአንድ ጠርቶ ይጠይቃል፣ እኔም ስልኩን ስዘጋ ደስ ብሎኝ እውላለሁ።

የታችኛው ቡና በ500 ብር ቢመነዘር ስንት የአክስት ልጅ ይወጣዋል? እዚያው ቆስጣው አጠገብ ቆሜ ይህንን ሳሰላ ዝናቡ አበሰበሰኝ። ልደውልለት ስልኬን አወጣሁ። ቁጥሩን ካገኘሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፦ ጓሮውን የማጥርበት ሽቦ እዚህ ጅማ ተወደደብኝ ብዬው፣ «ጋሼ፣ እኔ እያለሁ!» ብሎ በጭነት መኪና ሊልክልኝ ቃል ገብቷል።

የቡናውን ነገር አሁን ላንሳበት ወይስ ሽቦው ከደረሰ በኋላ?