«ውኃ አትጨምር» ማለት ብቻውን ስለማይበቃ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ፣ የአንድ ሕንፃ የሳይት ኃላፊነት ስረከብ መሠረቱና የምድር ቤቱ ኮለኖች (ምሰሶዎች) አልቀው ነበር። ፋይሉ ውስጥ ያገኘሁት የላቦራቶሪ ውጤት ግን እንቅልፍ የሚነሳ ነው። ሲ-25 በተባለው የጥንካሬ ደረጃ የተሞላው ኮንክሪት በ28ኛው ቀን ሲሰበር አንዱ ናሙና ከልኩ በላይ፣ ሌላው ከልኩ በታች ሆኗል። ደካማዎቹ ኮለኖች በአማካሪው መሐንዲስ ውሳኔ ፈርሰው እንደገና ተሠሩ። እኔን ከድክመቱ በላይ ያሳሰበኝ መለያየቱ ነው። ሲሚንቶው ያው፣ አሸዋው ያው፣ ሰውም ያው ሆኖ ውጤቱ ከተለያየ ችግሩ ያለው አሠራሩ ላይ ነው።

ምንም ሳልቀይር በፊት ሚክሰሩ አጠገብ ቆሜ ማየት መረጥኩ። ጠዋት ላይ ሥራው ያምራል። ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ጠጠሩ ይግላል፣ ኮንክሪቱ ባሬላ ላይ እያለ መጠንከር ይጀምራል፣ ከሶሌታው (ከፎቁ ወለል) ላይ «ደረቀ!» የሚል ጩኸት ይመጣል፤ ያኔ አንድ ጄሪካን ውኃ ይጨመራል። እንዳይጨመር ተከልክሏል፤ የጨመረ በደመወዙ ይቀጣል ተብሎም ነበር። የሚክሰሩን ኦፕሬተር ብቻውን ሳናግረው እንዲህ አለኝ፦ «አቦ ኢንጂነር፣ ውኃ ብጨምር እቀጣለሁ፤ ሥራው ቢቆምም የምጠየቀው እኔ ነኝ። ውኃው ቶሎ አይታይም፣ የቆመ ሥራ ግን ወዲያው ይታያል።»

ከዚህ በላይ ትክክለኛ ምርመራ ከማንም አልሰማሁም። ሰውየው ሥራውን ያውቃል፤ አመራሩ ግን የትኛውንም ቢመርጥ የሚያስቀጣው ቦታ ላይ አስቀምጦታል።

መጀመሪያ ምክንያቱን ማሳየት ነበረብኝ። ሁለት ናሙና ሞላን፤ አንዱን በልኩ፣ ሌላውን ጄሪካን ተጨምሮበት። ሲሚንቶው የማይፈልገው ትርፍ ውኃ ሲተን ውስጡ ጥቃቅን ክፍተት ትቶ እንደሚሄድ በአፍ ብነግራቸው ይሰሙኝ ነበር። ግን ኦፕሬተሩንና ባሬላ ተሸካሚዎቹን ላቦራቶሪ ወስጄ ሁለቱ ሲሰበሩ ቁጥሩን በዓይናቸው እንዲያነቡ አደረግኩ። ሲመለሱ ለሌሎቹ ያስረዱት እነሱ ናቸው፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ። የድሬ ሳይት ላይ በአንድ ቋንቋ ብቻ የተሰጠ መመሪያ ግማሽ መመሪያ ነው።

ቀጥሎ ውኃ የሚያስጨምረውን ምክንያት ራሱን ማስወገድ። ሶሌታ የምንሞላበትን ቀን ሥራ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀመርን፤ ከተማው ለቀትር ሲዘጋ እኛ ጨርሰናል። ጠጠሩን ዳስ ጥለን አስጠለልነው፣ ማታ ውኃ ረጨነው፣ በርሜሎቹን ከፀሐይ አወጣን። ክፍያውንም ከኩንትራት ወደ ቀን ክፍያ እንዲቀየር ተከራከርኩ፤ ቶሎ ለጨረሰ የሚከፍል አሠራር ጥራትን ሊጠይቅ አይችልም።

ከሁሉም የከበደው ሥልጣኑን መስጠት ነበር። ኦፕሬተሩ የኮንክሪቱን ቅጥነት የሚለካውን የስላምፕ ሙከራ ተማረ፤ 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሾጣጣ በሦስት ዙር ይሞላል፣ እያንዳንዱ ዙር በብረት ዘንግ 25 ጊዜ ይወቀጣል፣ ሾጣጣው ሲነሳ ኮንክሪቱ ስንት እንደወረደ ይለካል። ከልኩ የወጣውን ኮንክሪት እንዲመልስ፣ ካስፈለገም ሥራውን እንዲያስቆም ፈቀድኩለት። አንድ ቀን የባለቤቱ ተወካይ ባለበት አስቆመ። ተወካዩ ወደ እኔ ዞሮ «ማን ነው እዚህ የሚያዝዘው?» አለ። «በኮንክሪቱ እሱ ነው» አልኩት። ያ ቀን ገንዘብ አስወጣን፣ የዘገየውንም በስሜ ፈርሜ አስረዳሁ። ከዚያ በኋላ ግን ማንም ሚክሰሩ ላይ ጄሪካን ይዞ አልቀረበም። ሠራተኛ የአለቃውን ቃል የሚያምነው ቃሉ አለቃውን ራሱን ሲያስከፍለው ካየ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ አየሩን ለሚያስወጣው ለቫይብሬተር ሥራ ደግሞ የቆየ የሙያ ልማድ ተጠቀምኩ። የፌራዮዎቹ (የብረት ሠራተኞቹ) አለቃ ቤተሰቡ ከባቡር ወርክሾፕ ሙያተኞች ነው፤ እዚያ ተለማማጅ ከባለሙያ ጎን ሆኖ ነበር የሚማረው። እኛም ጀማሪውን ከነባሩ ጋር አጣመርን። ቫይብሬተሩን ቀጥ አድርጎ ማስገባትን፣ አረፋው ሲቆም ቀስ ብሎ ማውጣትን እጅ ከእጅ ይማራል እንጂ ከወረቀት አይማርም። ፎርምወርኩ (ኮንክሪቱ የተሞላበት ቅርጽ) ሲፈታ የሚታየው ክፍተት በጣም ቀነሰ፤ የናሙናዎቹም ውጤት ተቀራረበ።

የተሞላውን ኮንክሪት ውኃ ማጠጣት ብዙ ጊዜ የሚረሳው የማንም ሥራ ስላልሆነ ነው። በዚህ ሙቀት ቢያንስ 7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ካልቆየ ሲሚንቶው ሥራውን ሳይጨርስ ይደርቃል። ለእያንዳንዱ ሶሌታ ባለቤት ሰየምን፤ ስሙ ግድግዳው ላይ ይጻፋል። በዓል ሲመጣ ምን እናድርግ ብዬ ሳስብ ልጆቹ ቀድመውኝ ተስማምተዋል፤ በኢድ ክርስቲያኖቹ ያጠጣሉ፣ በፋሲካ ሙስሊሞቹ። እኔ ፕሮግራሙ ላይ መጻፍ ብቻ ቀረኝ።

አሁን የቀረን አሸዋው ነው። ጭቃ የበዛበት መሆኑን በብርጭቆ ውኃ በጥብጦ፣ አስቀምጦ ማየት ቀላል ነው፤ ግን መኪናው ሲገባ እስካሁን የምፈትሸው እኔ ነኝ፤ እኔ በሌለሁበት ሳይታይ ይራገፋል። ከሚቀጥለው ፎቅ ጀምሮ ሙከራውንም፣ መኪናውን የመመለስ ሥልጣኑንም ለግምጃ ቤት ሠራተኛዋ አስረክባለሁ፤ ለአሸዋ አቅራቢዎቹም ይህንኑ በደብዳቤ አሳውቄያለሁ።