ከሰፈር ሳይርቁ ወክ ማድረግ፦ የአዲስ አበባን ዳገት አስልቶ መንገድ መምረጥ

አዲስ አበባ ላይ ቀለል ያለ የወክ መንገድ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ዳገቱን ይይ፤ ኪሎ ሜትሩ ኋላ ይደርሳል። ከተማዋ ከሰሜን ወደ ደቡብ ትወርዳለች። የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲኖረው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,330 ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ሰሜን የሚያመራ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ አቀበት ነው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄደው በካርታ ላይ ሜዳ ቢመስልም፣ ወንዞቹ ወደ ደቡብ ስለሚፈሱ ድልድይ ባለበት ሁሉ ወርዶ መውጣት አለ። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ሲኬድ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲኬድ ደግሞ ግንፍሌ እንዲህ ናቸው። አንዱ ጎዳናም ሙሉ በሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ቸርችል ጎዳና ከቴዎድሮስ አደባባይ በላይ ባት ያስይዛል፣ ከብሔራዊ ቴአትር እስከ ለገሃር ግን ረጋ ያለ ነው።

መነሻችሁ የቤታችሁ በር ይሁን። ታክሲ የሚያስይዝ መንገድ የቱንም ያህል ቢያምር ሳምንት ሳይሞላው ይቀራል። የቦታን ከፍታ የሚያሳየውን የካርታ መተግበሪያ ጎግል ኧርዝን ከፍታችሁ ከቤታችሁ አንድ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለውን እዩና ሁለት ሦስት መንገድ ምረጡ። ከዚያ የየመንገዱን መነሻና መድረሻ ከፍታ አንብቡ፤ ልዩነቱን በ100 አባዙና በርቀቱ አካፍሉት። በ500 ሜትር ውስጥ 15 ሜትር ከወጣ 3 በመቶ ነው፤ ይህ እያወሩ የሚሄዱበት መንገድ ነው። 5 በመቶ ላይ ትንፋሽ ማጠር ይጀምራል። ከ8 በላይ የሆነውን ለጀማሪ አንመክርም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ 12 ሜትር ወርዶ 12 ሜትር የሚወጣ መንገድ በስሌቱ ዜሮ ይመጣል። ስለዚህ በየድልድዩና በየመታጠፊያው እየቆረጣችሁ ለየብቻ አስሉ። እየሄዳችሁ ስልኩ የሚያሳየውን ከፍታ አትመኑ፤ ፎቅ በበዛበት ቦታ በብዙ ሜትር ይዋዥቃል።

ቀጥሎ የሚታየው መሬቱ ነው። የሰፈር ኮብልስቶን ውሃ እንዲወርድለት ከመሃል ወደ ጠርዝ ያዘነብላል። በቀኝ ጠርዝ ሄዳችሁ ስትመለሱም ቀኛችሁን ከያዛችሁ፣ ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ የሚረግጠው ቀኝ እግር ነው፤ ከጊዜ በኋላ አንድ ወገን ጉልበት ወይም ዳሌ ማመም የሚጀምረውም ከዚህ ሊሆን ይችላል። መኪና የማይበዛበት ከሆነ በሄዳችሁበት ጠርዝ ተመለሱ፣ ያኔ ጫናው ለሁለቱም እግር ይዳረሳል። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ለዚህ ሥራ ግሩም ናቸው፤ መብራትና ማረፊያ ወንበር አላቸው። ለስላሳው ንጣፍ ግን ሲታጠብና ሲዘንብ ያንሸራትታል፤ ሶሉ ያለቀ ጫማ አታድርጉ። የብስክሌቱን መስመር ለብስክሌት ተዉት።

ዙር መንገድ ካላችሁ አቅጣጫውም ለውጥ አለው። ጉልበትን ይበልጥ የሚጎዳው ቁልቁለት ነው፤ ስለዚህ ጠንከር ያለውን ክፍል ወጥታችሁ፣ ረጋ ባለው ውረዱ። ደክሟችሁ ስትመለሱ ዳገት እንዳይጠብቃችሁም ከቤት ስትወጡ ሽቅብ ጀምሩ።

መዝገብ መያዝ ሳይታክቱ ለመቀጠል ይረዳል። አንድ መስመር ይበቃል፦ ቀን፣ መንገዱ፣ ደቂቃው፣ ዳገቱ ላይ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ተቻለ ወይስ አልተቻለም፣ በማግስቱ ጠዋት ጉልበት እንዴት አደረ። የመጨረሻዋን ዓምድ አትዝለሏት፤ እግር የሚናገረው ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ነው። በ15 ደቂቃ ጀምራችሁ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ ጨምሩ። ደቂቃና ዳገት ግን በአንድ ሳምንት አብረው አይጨመሩ፤ ሕመም ቢመጣ ከየትኛው እንደሆነ አይለይም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ይመክራል፤ 30 ደቂቃ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። ከዝቅተኛ አገር ለእረፍት የመጡ ዘመዶች ካሉ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከሜዳው አታውጧቸው፤ ከፍታው እስኪለመድ ትንፋሽ ያጥራል።

ሰዓቱ ከነጋ በኋላ፣ የመኪናው ጭስ ሳይበዛ ይሁን፤ 12፡45 ገደማ ጥሩ ነው። ጎሕ ሳይቀድ በቡድን የሚዞሩ ውሾች ያጋጥማሉ። አትሩጡ፤ ቁሙና ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በሉ፣ አብዛኞቹ ይሸሻሉ። ከነከሰ ቁስሉን 15 ደቂቃ ያህል በውሃና በሳሙና አጥባችሁ የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ለክረምት ሌላ መንገድ ያዙ። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ጠዋቱ ይሻላል፤ ሌሊት ዘንቦ ካደረ ግን ኮብልስቶኑን ትታችሁ በአስፋልት ዳር የእግረኛ መንገድ ሂዱ። የተኛ ውሃ አትርገጡ፤ ከሥሩ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ ሊኖር ይችላል።