የአንኮበሩ ጌምና የአከራያችን ልጅ

ደብረ ብርሃን ላይ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት ሆነን ጌም እንሠራ ነበር። ቀን እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት እውላለሁ፣ አንዱ ሞባይል ይጠግናል፣ ሦስተኛዋ አስተማሪ ናት። ማታ ጋቢያችንን ተከናንበን ኮምፒውተሩን እንከባለን። የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፣ ጣት ኪቦርድ ላይ ደርቆ ይቀራል።

ያሰብነው ግን ሌላ ነው። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ዘመን አንኮበር ሙሉውን! ቤተ መንግሥቱ፣ የአልዩ አምባ ገበያ፣ አሞሌ የጫነው ግመል ሳይቀር። ተጫዋቹ ያሻው ቤት ገብቶ ካሻው ሰው ጋር ያወራል። የጌም መሥሪያው ሶፍትዌር ጎዶት እንደሆነ ነፃ ነው፣ ማን ይከለክለናል? «አልበዛም?» ለሚለን ሰው ደግሞ መልስ ነበረን፦ ስታርዱ ቫሊ የተባለውን ታዋቂ ጌም ኤሪክ ባሮን ብቻውን ነው የሠራው። እውነት ነው፣ ብቻውን ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2016 እስኪያወጣው አራት ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል፣ ሲጀምረውም ፕሮግራሚንግ ለመለማመድ ብሎ ነበር። ይቺን ሁለተኛዋን እንዘላታለን።

ሁለት ዓመት ሄደ። እኔ በር እሠራ ነበር። አትሳቁ። መቃኑ፣ ቁልፉ፣ ሲገፋ ሲጢጥ የሚለው ድምፅ፣ እሱንም ከአያቴ ቤት በር በስልኬ ቀድቼ ያመጣሁት። ጥሩ በር ነበር።

አንድ ማታ የአከራያችን ልጅ «እማዬ የመብራት ሒሳብ ብላለች» ብሎ መጣ። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። እስቲ ይሞክረው አልንና አስቀመጥነው። አስተማሪዋ ታስረዳዋለች፦ አንተ መልእክተኛ ነህ፣ ይህን ደብዳቤ ለንጉሡ ታደርሳለህ። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ! ልጁ ለሙከራ ብለን አስገብተን የረሳናትን የኪቦርድ ቁልፍ ነካ፣ ገደል አፋፍ ላይ ለጌጥ ያቆምነው ጭላዳ በእጁ ገባ። ዘለለ። ወደቀ። ተንከትክቶ ሳቀና «እንደገና!» አለ። አንድ ሰዓት ሙሉ ከእርከን እርከን ሲዘል ደብዳቤውም ቀረ፣ ንጉሡም ቀሩ። የሠራኋትን በር ዞር ብሎ አላያትም። ሲነሣ «ጋሼ፣ ቀጣዩ ሌቭል የታለ?» አለኝ።

ዝላዩን የሞባይል ጠጋኙ ጓደኛችን በአንድ ሌሊት ለቀልድ የጻፈው ነው። ተናደድኩ፣ እውነቱን ለመናገር። ሁለት ዓመት ሙሉ ለእኛ የማያዝን አንድ ሰው እንኳ አስቀምጠን አላስሞከርንም፣ ለጓደኛ እያሳየን «ይገርማል» ሲለን እንደሰት ነበር።

በንጋታው ተጣላን። እኔ አንኮበርን አልተውም አልኩ። አስተማሪዋ ደብተር አወጣች። የታቀደው ቤት 140፣ በሁለት ዓመት ያለቀው 9። «የቀረው 29 ዓመት ነው፣ ያኔ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ» አለች። ምን ይባላል?

አሁን የምንሠራው ጭላዳዋን ብቻ ነው። መንዝ ጓሳ ያየ ሰው ያውቃል፤ ጭላዳ ቀን ሜዳው ላይ ሣር ሲነጭ ውሎ ሲመሽ ገደሉ ላይ ወርዶ ያድራል። ጌሙ ይኸው ነው፦ ሳይጨልም ግልገሎችሽን አውርጂ። በአንድ ጣት የሚጫወቱት፣ ርካሽ ስልክ ላይም የሚሄድ። ሁለት ሌቭል በስድስት ሳምንት አለቀ። ልጁ በየማታው እየመጣ ሁለተኛው ይቀላል እያለ ይነዘንዘናል።

አንኮበርን አላጠፋኋትም፣ ፍላሽ ላይ ናት። የጭላዳዋ ጌም ሜኑ ሲከፈት ሲጢጥ የሚለው ግን የአያቴ በር ነው።